ነጩ ቀይ ሥር

በእኛ አፍ "ቀይ ሥር" ነው ስሙ፤
እዚህ ግን ነጭ ነው፣ ከቆዳው እስከ ደሙ።
ስኳር ይጨመቅበታል። ከጭቃ ተነቅሎ እኔ ዘንድ ይመጣል፤
አጥበዋለሁ፣ እመዝነዋለሁ፣ ፎቶ ይነሣል፣
ቁጥሩ ተለጥፎበት ከወንድሞቹ ጎን ይቀመጣል።

ክቬድሊንቡርግ የዘር ከተማ ነው፤
እዚህ "ዘርህ ምንድን ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው
ፍሬውን እንጂ አንተን አይደለም የፈለገው።

ሃርዝ የሚሉት ተራራ በምዕራብ ተኮፍሶ፣
የመጣውን ደመና እንደ ጥገት ላም አልቦ ጨርሶ፣
ለዚህ ሜዳ የሚልከው ባዶ ጮጮ ነበረ።
በዚያ በጋ ጮጮውም ቀረ።
የቦደ ወንዝ ጎድኑን አሳየ፣ ድንጋዩ አንድ ባንድ ተቆጠረ።

ዶክተር ፎልክማር ጀግና ይፈልጋል።
ሁለት መቶ አርባ ማሰሮ በመስታወት ቤቱ ወለል ደርድሮ
ውሃውን ሃያ አንድ ቀን ዘጋ፣ ቀኑን በጣቱ ቆጥሮ።
እናትየዋ የእርሻ ልጅ፣ ወፍራም፣ ጣፋጭ፣ ውሃ ለማኝ፤
አባትየው ከባሕር ዳር፣ ከጨው አለት ሥር የተለቀመ አረም፣
ሥሩ የአይጥ ጭራ፣ ስኳር የሚባል አልፈጠረበትም፤
ሲጠማው ግን አይለምንም።

የልጆቹን ዘረመል ማሽኑ ፊደል በፊደል ያነባል፤
የቱ ፊደል ቅጠሉን "አፍህን ዝጋ" ይለዋል?
የቱ ነው ሥሩን "ወደ ጎን ተው፣ ውረድ" የሚለው?
"አንድ ፊደል ነው ድርቅን የሚችለው?"
ብዬ ብጠይቅ ጉድሩን ሳቀች፤
ሠላሳ ስምንት ዓመት ሥር ስታጥብ የኖረች።
"አንድ? ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይሸከማል።"
ሃምሳ ሎሚ፣ አልኩ በልቤ። ለሃምሳ ሰው ጌጥ ይሆናል።

በዐሥራ አራተኛው ቀን ቅጠሉ ሁሉ ተዘረፈጠ፣
እንደ እርጥብ ጨርቅ በማሰሮው ከንፈር ተሰጣ።
በሃያ አንደኛው ጠዋት አንዲት ብቻ ቆማለች፤
አንድ መቶ ዐሥራ ሰባት፣ ጤዛ ያደረባት ትመስላለች።

ፎልክማር መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤
ከቅጠሏ ቆረሰ፣ ፊደሏን አስነበበ፣ ፈለገ።
ከእህቶቿ የሚለያት የለም።
ደግሞ አስነበበ።
የለም።

ኋላ እኔ ላጥባት ሄድኩ፣ ላነሣት፤
አልነሣ አለች። ሳብኳት።
ከማሰሮዋ ቂጥ ክር የመሰለ ነጭ ሥር ወጥቶ፣
በሲሚንቶው ስንጥቅ ገብቶ፣
ሦስት ክንድ በጨለማ ሾልኮ፣
ከእጅ መታጠቢያው ፍሳሽ ዳር ተንበርክኮ
ይጠጣል።
እጄን በታጠብኩ ቁጥር ለካ
ያጠጣኋት እኔ ነኝ።

"ሌባ!" አለ ፎልክማር፤ ከሰንጠረዡ ሰረዛት።
ጉድሩን ግን ጎንበስ ብላ አየቻት።
"ቀዳዳው" አለች፣ "የሁሉም ማሰሮ ነበረ።
ስንጥቁም በሁሉም ሥር ነበረ።"
መልስ የሰጠ የለም፤ የማቀዝቀዣው እሮሮ ብቻ ቀረ።

ዕጣ ነው ወይስ ዘር?
ድርቁን ቻለችው፣ ወይስ ድርቅና ነው?
ፎልክማርም ልክ ነው፤ አንዲት ተክል ምስክር አትሆንም።
ይህንን አልክድም።

ቀይ ሥር በመጀመሪያ ዓመቱ አያብብም፤
ብርድ ካላስተማረው አበባ አያውቅም።
ጉድሩን ጡረታ ስትወጣ ከቆሻሻው ቅርጫት አነሣቻት፤
በጓሮዋ አሸዋ ከረመች፣ በሰኔ አበባ አየንባት፤
የማያምር አበባ፣ አረንጓዴ፣ ሽታው ከባድ፤
ማን እንዳዳቀላት ነፋስ ነው የሚያውቅ።

ፍሬው በፖስታ መጣልኝ። ቁጥር የለውም።
ስድሳ ማሰሮ ሞላሁ። ስንጥቁን ልድፈን ወይስ ልተወው?
እስካሁን አልወሰንኩም።
እጄን ግን ዛሬም የምታጠበው
እዚያው ነው።